ስሟን ሳትለውጥ ብትሸፍትስ?

«ማሪያንን ጎራዴ ያስታጠቋት የዛሬ ሴት ደራሲዎች ናቸው፤ ጥንታዊውን ተረት አበላሹት!» ይህን ያለን ባለፈው ሰሞን ሻይ ቤት ተቀምጠን የእንግሊዙን ሽፍታ የሮቢን ሁድን ነገር ስናነሣ አንድ የክፍላችን ልጅ ነው። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁለት። እኔ ግን እንዲሁ አላልፈውም።

ጓዶች፣ «ጥንታዊው ተረት» የምትሉት የትኛው ነው? ከ15ኛው ክፍለ ዘመን በተረፉልን የመጀመሪያዎቹ የሮቢን ሁድ ግጥሞች ውስጥ ማሪያን የምትባል ሰው ጨርሶ የለችም። ከሽፍታው ጎን የቆመችው ኋላ፣ በግንቦት በዓል ጨዋታዎች በኩል መጥታ ነው። እንግዲህ ለጥንታዊነት የምንሟገት ከሆነ ጎራዴዋን ብቻ ሳይሆን እሷንም እናውጣታ! ይህን ግን ማንም አይልም። ቆንጆዋ ትቀመጥ፣ ጎራዴው ይውጣ ነው ነገሩ።

ጎራዴውም ቢሆን የዛሬ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በወጣ አንድ ተራኪ ግጥም ውስጥ ማሪያን የወንድ አሽከር ልብስ ለብሳ፣ ጎራዴና ጋሻ፣ ቀስትና ፍላጻ ይዛ ሮቢንን ፍለጋ ጫካ ትገባለች። እሱም መልኩን ለውጦ ኖሮ ሳይተዋወቁ ይጋጠማሉ። አንድ ሰዓት ያህል ይፋለማሉ፤ የሮቢን ፊት ይደማል፤ እሷም ክፉኛ ትቆስላለች። በመጨረሻ ሮቢን ራሱ ፍልሚያው እንዲበቃ ለምኖ ከሰዎቹ አንዱ እንድትሆን ይጠይቃታል።

ልብ በሉ! የጠራት ክንዷን አይቶ እንጂ መልኳን አይቶ አይደለም። ሴትነቷ ሲታወቅስ? ይሳሳማሉ፤ ድግስ ይደገሳል፤ ጽዋ ይነሣል። ያ ክንድ ግን እስከ ግጥሙ መጨረሻ ዳግመኛ ጎራዴ አይመዝም። የኔ ክስ እዚህ ላይ ነው።

የዘመናችን ደራሲዎችስ? አሜሪካዊቷ ሮቢን ማኪንሊ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ልብ ወለድ ውስጥ ሴሲሊ የምትባል ወጣት ያለፈቃዷ ሊድሯት ሲሉ ትጠፋና «ሲሲል» በሚል የወንድ ስም ከሽፍቶቹ ትቀላቀላለች። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ማሪያን በኖቲንግሃም የቀስት ውድድር የምትቀርበው ሮቢንን መስላ ነው። ናንሲ ስፕሪንገርም በ2001 የሮቢንን ሴት ልጅ በወንድ ልብስ ጫካ አስገብታታለች። መጻሕፍቱ መልካም ናቸው፤ ወድጄም አንብቤያቸዋለሁ። ግን ከ300 ዓመት በኋላም ጀግናዋ ጫካው በር ላይ ስሟን መያዣ ሰጥታ ነው የምትገባው!

«ዘመኑ ነዋ፣ ካልተደበቀች ማን ያስጠጋታል?» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ የኛስ ዘመን? ባለፈው ዓመት በአንድ የንባብ ምሽታችን ስም ያልተጻፈበት ግጥም ተነበበና «ይህ ልጅስ ብዕር አለው!» ተባለ። ሴት እንደ ጻፈችው ሲታወቅ ግን ያው ጉባኤ «ማን ጻፈላት?» አለ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ኮት ለብሶ ዩኒቨርሲቲ ገባ ማለት አይደለም ወይ?

ስለዚህ ሽፍታዋን እንደገና የምትጽፉ ሁሉ፣ ጎራዴ መስጠት ብቻ አይበቃም። በገዛ ስሟ ዱር ቤቴ ትበል፤ ከታወቀች በኋላም ትዋጋ። ያቺ ባለ ግጥምም ቀጣዩን ስሟን ጽፋበት ትስጠን፤ እኛም «ማን ጻፈላት?» ማለቱን ትተን «ምን ጻፈች?» እንበል።