ያጋደለ እንዝርት

ባለፈው እሑድ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ ፈረንሳይ ሰፈር በሚወርደው ታክሲ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ለልጇ ሁለት ኮፍያ ደራርባለታለች። ላቡ ሲንቆረቆር አንዱን አወለቀችለት፤ ፊት ያለው ሰውዬ ዞር ሲል ግን ቶሎ መለሰችው። ያኔ አየሁት፤ ከቅንድቡ በላይ ግንባሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል።

«ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው፣ እትዬ» አለችኝ። «አማቴ ግን በቀትር ወንዝ ወርደሽ ነው ይሉኛል።»

ጥፋት የለባትም። ሽሮ ሜዳ ላይ ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል። የጽንሱ አንጎል የሚሠራው ከጥቂት እናት ሴሎች ነው። መጀመሪያ እየተከፈሉ ራሳቸውን ያበዛሉ፤ ሲበቁ ነርቭ ወደ መውለድ ይዞራሉ። አንዷ ሴል ለሁለት ስትከፈል በውስጧ ቀጫጭን ክሮች ይዘረጋሉ፤ ሳይንሱ ቅርጹን ራሱ እንዝርት ይለዋል። በዘር ለሚወረሰው የጭንቅላት ማነስ ዋነኛ ምክንያት የሆነው ኤኤስፒኤም የተባለ ዘረመል ስሙን ያገኘውም «የተበላሸ እንዝርት» ከሚል ነው። እንዝርቱ ሲያጋድል እናት ሴሎቹ በቅጡ ሳይበዙ ያለጊዜያቸው ነርቭ ይሆናሉ። አንጎሉ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ የራስ ቅል ደግሞ አንጎልን ተከትሎ ነው የሚያድገው።

ሰባት ቤት መቁጠር ትልቅ ጥበብ ነው። ልጁ የሚታመመው ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ቅጂ ሲደርሰው ነው፤ ዘመዳሞች ደግሞ አንድ ዓይነት ቅጂ የመያዝ ዕድላቸው ሰፊ ነው። ቆጠራው አደጋውን ይቀንሳል፣ አያጠፋውም። ባዕዳንም ይገጣጠማሉ፤ ያኔ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በብራዚል እንደታየው የዚካ ቫይረስም፣ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው ቶክሶፕላዝማም እዚሁ ያደርሳሉ። ያለ ምርመራ መለየት አይቻልም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለክትባት ሦስቴ ሄዳለች፤ ጭንቅላቱን የለካላት የለም። ልብስ ሰፊ ሁሉ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ሜትር ይበቃ ነበር። ቀኑን ጨርሶ የመጣ ወንድ ልጅ ሲወለድ የጭንቅላቱ ዙሪያ ከ31.9 ሴንቲ ሜትር፣ ሴት ከ31.5 ካነሰ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከኪዳነ ምሕረት የምታስጠምቀውን ጠበል ተዪ አላልኳትም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሚሌኒየሙ ዋዜማ የኤችአይቪ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብራችሁ ውሰዱ ማለታቸውን አስታወስኳት።

ፈረንሳይ ስንደርስ «ሌላ ልጅ ብወልድስ?» አለችኝ፣ ኮፍያውን እያስተካከለች። ስልኳን ተቀበልኳት። ሰኞ ጠዋት ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።