ነፋሱን ከየት፣ ውኃውን ወዴት?

ፌንግ ሹይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የቤት ዕቃ ነው። መስታወት ከበር ትይዩ አይሰቀልም፣ ሳንቲም የነከሰች እንቁራሪት ሳሎን ትቀመጥ፣ የኪስ ቦርሳ ቀይ ይሁን፤ ገንዘብ ይመጣል! ነገሩ የዕድል ንግድ ሆኗል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመን ስሙ ነው ባይ ነኝ። «ፌንግ» ነፋስ፣ «ሹይ» ደግሞ ውኃ ማለት ነው።

መሠረቱ ይህ ነው። ጥንታውያን ቻይናውያን ምድር «ቺ» የሚሉት የሕይወት እስትንፋስ አላት ብለው ያምናሉ። ኃይለኛ ነፋስ ይበትነዋል፣ ውኃ ያቆየዋል። ስለዚህ ቤትም፣ ከተማም፣ መቃብርም ሲሠራ ከኋላ ነፋስ የሚከልል ተራራ፣ ከፊት የረጋ ውኃ፣ በግራና በቀኝ ዝቅ ያሉ ኮረብታዎች ያሉት ቦታ ይመረጣል። ባለመደገፊያ ወንበር ላይ እንደመቀመጥ በሉት። በዚህ ላይ የዪንና ያንግ ሚዛን፣ አምስቱ ባሕርያት (እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት፣ ውኃ) እና አቅጣጫ የሚነበብበት ኮምፓስ ይጨመራሉ። የቤጂንግ ቤተ መንግሥት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ ከኋላው ተራራ ስላልነበረው፣ በዙሪያው ያለው ቦይ ሲቆፈር የወጣው አፈር ተከምሮ ዛሬ ጂንግሻን የሚባለው ኮረብታ ሆነለት።

እውነቱን እንነጋገር፤ «ቺ» በመሣሪያ የሚለካ ነገር አይደለም። ከ1949 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጣው የቻይና መንግሥት ራሱ አጉል እምነት ብሎ አውግዞታል። ይሁንና ከእምነቱ ሥር የኑሮ ዕውቀት አለ። በሰሜን ቻይና የክረምቱ ብርድ ከሰሜን ይነፍሳል፣ ፀሐይ ደግሞ በደቡብ በኩል ናት። ጀርባን ለተራራ፣ በርን ለደቡብ መስጠት ቤት ያሞቃል። ይህንኑ ሕግ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ብቻ ርቃ ለተቀመጠችው ሐዋሳ እንዳለ መገልበጥ ግን ትርጉም የለውም። የሚቀዳው መልሱ ሳይሆን ጥያቄው ነው፤ እዚህ ቦታ ነፋሱ ከየት ይመጣል? ውኃውስ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄው ለእኛም ባዕድ አይደለም። «ይህ ቤት ውቃቢ የለውም» የምንል፣ የአድባር ዛፍ የምናከብር ሰዎች ነን። የምኒልክ ከተማ እንጦጦ ላይ እያለ ብርዱና ነፋሱ አስቸገረ፣ ማገዶውም ራቀ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ ወርደው ቦታውን ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ነፋስን ሸሽቶ ውኃን መጠጋት ማለት ይኸው ነው።

ሐዋሳ ላይ ጥያቄውን ለማንሳት ከጉዱማሌ የተሻለ ቦታ የለም። ከፊቱ ሐይቁ፣ በአካባቢው የታቦር ተራራ፣ በደቡብ አላሙራ። የሲዳማ ሕዝብ ፊቼ ጨምበላላን የሚያከብረው እዚህ ነው። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ነው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓሉን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር፣ አባቶች በዕለቱ ከሚመክሩት ውስጥ አንዱ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚል መሆኑ አብሮ ተጽፏል።

ምክሩ ለምን ይከብዳል ቢሉ፣ የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ ይገባበታል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር፣ ከከተማው የሚፈሰው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። አፈሩ በተከማቸ ቁጥር ውኃውን የሚይዘው ጎድጓዳ ይጠባል፣ ዝናብ በበዛበት ዓመት ውኃው ወደ ሰው ደጅ ይጠጋል። የዳርቻው ዛፍና ሣር ደግሞ የመጨረሻው ወንፊት ነው።

«ከተማው ማደግ፣ ወጣቱም ሥራ ማግኘት አለበት» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ግን ሆቴሉ የሚሸጠው ያንኑ ሐይቅ ነው፤ ጀልባ ቀዛፊውና አሞራ ገደል ዓሣ የምትጠብሰው እናትም የሚኖሩት በዚሁ ውኃ ነው። ዳርቻውን በኮንክሪት የሞላ ልማት የእነዚህን ሰዎች እንጀራ ነው የሚቆርጠው።

ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩን የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ከሐይቁ ዳር ስንት ሜትር እንደማይገነባ በግልጽ ምልክት ይታይ፤ የሚመለከተው ብቻ ሳይሆን ማንም አላፊ አግዳሚ ያንብበው። የጉዱማሌ አገር በቀል ዛፎች ተቆጥረው ይመዝገቡ። በዳርቻው የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ፍሳሹ የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ ይታይ።

እናንተም እንቁራሪቷን ከመግዛታችሁ በፊት በሚቀጥለው ጨምበላላ ጉዱማሌ ስትሄዱ ዛፎቹን ቁጠሯቸው። በከርሞው ደግሞ እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ከቀነሰ አባቶች በየዓመቱ የሚመክሩት ማንን እንደሆነ እንጠይቃለን።