የሞላ ጠረጴዛ

ውድ አንባቢ፤ ልደታ ፍርድ ቤት ጉዳይ ኖሮዎት ከመዝገብ ቤቱ ደጅ ቆመው የሚያውቁ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ቶሎ ይገባዎታል። ብልህ መዝገብ ያዥ ጧት ያወጣው መዝገብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደሚጠየቅ ያውቃልና፣ ከጠረጴዛው ላይ ያቆየዋል፤ ሥራ በዝቶ ሲጠብበው ብቻ ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል።

በሊኑክስ የሚሠራ ሰርቨርም ጠባዩ ይኸው ነው። ከዲስክ ያነበበውን ፋይል በሜሞሪው ያቆየዋል፤ ሜሞሪ ከዲስክ እጅግ ይፈጥናልና። «ፍሪ» የተባለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ባዶው ቦታ ኢምንት መሆኑን ያየ ጀማሪ ግን ይደነግጣል፤ በውጭ ምንዛሪ ሜሞሪ ይገዛልኝ ብሎም ማመልከቻ ይጽፋል። መታየት የሚገባው «አቬይለብል» የሚለው ዓምድ ነው። ይህን ግምት የሊኑክስ ከርነል ራሱ ማስላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው በ3.14 ነው። እርሱ ሲያንስና በ«ስዋፕ» መመላለስ ሲበዛ፣ ያን ጊዜ ይግዙ።

ይህን መሸጎጫ በየሌሊቱ የሚያስጠርጉም አሉ፤ እኔስ ጠረጴዛ አጽድቶ ባለጉዳይ ማጉላላት እለዋለሁ።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። አዲስ የተጻፈውም አስቀድሞ በሜሞሪ ያርፋል፤ በተለመደው አሠራር 30 ሰከንድ ያህል ሊቆይ ይችላል። በዚያ መካከል መብራት ቢጠፋ (ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም) ዲስክ ያልደረሰው ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ጥንቁቅ የመረጃ ቋት «ኤፍሲንክ» በተባለው ጥሪ ዲስክ መድረሱን ሳያረጋግጥ «ተመዝግቧል» አይልም፤ ተራው ፕሮግራም ግን ሳያረጋግጥም ሊል ይችላል። እንግዲህ መሥሪያ ቤትዎ ሜሞሪ ሊገዛ ሲነሣ፣ ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ አስቀድመው ይጠይቁ።