«ተሳክቷል» ብዬ የለጠፍኩ ዕለት

ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ «ተሳክቷል! እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተም ክበሩልኝ» ብዬ ለጠፍኩ። ታናሽ እህቴ የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ከኦፕሬሽን ክፍል የወጣችው በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ፎቶዋንና የባንክ ቁጥር እየለጠፍኩ ሰውን ያሰለቸሁት እኔ ስለሆንኩ፣ የምሥራቹንም መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ። የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክቱ ጎረፈ።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ደም እየፈሰሳት ነው፤ የፈሰሰው ደም ልቧን ከቦ እያፈናት ስለሆነ ደረቷ እንደገና መከፈት አለበት፤ መጥተህ ፈርም ተባልኩ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንጫረራል። ሰዎች አሁንም «እልል!» እያሉኝ ነው።

የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም። ደሙ ቆመ። በዘጠነኛው ቀን ግን ስፌቱ መግል ያዘ፤ ኢንፌክሽኑ እስከ ደረት አጥንቷ ዘልቆ ነበርና ለማጽዳት ለሦስተኛ ጊዜ ገባች። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየች። መተንፈሻው ከወጣላት በኋላም ለቀናት ግራ ተጋብታ፣ እናቴን «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» ትል ነበር። ይህ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰትና አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፍ ነገር መሆኑን አስቀድሞ የነገረን አልነበረም። እናቴ ልጇ ያበደች መስሏት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ያሰባሰብነው ገንዘብ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አለቀ። የታዘዘው አንቲባዮቲክ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ስለሌለ ከውጭ እየገዛን ነበር፤ ለስድስት ሳምንት። ካሜራዬን ሸጥኩ። በፍሪላንስ ለሚሠራ ጋዜጠኛ ካሜራ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ለምን እንደገና አልለመንኩም? አፍሬ ነው። «ተሳክቷል» ብያለሁ። «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» የሚለኝ ሰው አንድም ቢሆን መልስ የምሰጥበት አቅም አልነበረኝም።

ሆስፒታሉን አልጠራም፤ ሐኪሞቹ በዚያ ሌሊት ያደረጉትንም አልረሳም። ብዙው ታካሚ ያለ ምንም ችግር ወደ ቤቱ እንደሚመለስም አውቃለሁ፤ ይህን አንብቦ ቀጠሮውን የሚሰርዝ ሰው እንዲኖር አልፈልግም። ጠቤ ከራሴና እንደኔ ገንዘብ ከሚያሰባስቡት ጋር ነው። ቀዶ ሕክምናውን የታሪኩ መጨረሻ አድርገን እንሸጠዋለን። ፖስተሩ ላይ ያለው ቁጥር የኦፕሬሽን ዋጋ ብቻ ነው። ወደ ሕንድ ለሚላኩትም የአየር ትኬትና የአልጋ ይጨመርበታል እንጂ፣ ተመልሰው ሲመጡ የሚጠብቃቸው ነገር የትም አይጻፍም።

የሚጠብቃቸው ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። እህቴን እዚህ ያደረሳት በልጅነቷ በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ እኛ «ቶንሲል» ብለን በዝንጅብል የምናልፈው። ባክቴሪያው ሩማቲክ የሚባለውን ትኩሳት ያስነሳል፤ ሲደጋገም የልብን ቫልቭ ያበላሻል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2018 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ በሽታ ውሳኔ አሳልፏል። ርካሽ በሆነ ፔኒሲሊን መከላከል የሚቻል ሕመም ነው። እዚሁ አገር ዶ/ር በላይ አበጋዝ የሕፃናት ልብ መርጃውን ካቋቋሙ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው ማዕከል ተራ የሚጠብቁት ልጆች ግን አሁንም በሺዎች ናቸው። (እህቴ የታከመችው ሌላ ቦታ ነው።)

የተበላሸው ቫልቭ ወጥቶ የብረት ተተከለላት። የብረት ቫልቭ ደም ሊረጋበት ስለሚችል ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ በየቀኑ መዋጥ ግድ ነው፤ አዲሶቹ ማቅጠኛዎች ለእሱ አይሆኑም። ኪኒኑ ብዙም ውድ አይደለም። ውዱ ልኩን ማወቅ ነው። አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ለእሷ ዓይነት ቫልቭ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን ይጠበቅበታል። ከዚያ ሲወርድ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ሲያልፍ መድማት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሁዳዴ ላይ 1.4 ወረደባት። መድኃኒቷን አላቋረጠችም። ምክንያቱ ጎመን ነበር። ጾም ሲገባ ቤታችን በየቀኑ ጎመን ይሠራል፤ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃረናል። አንዷ ነርስ «አረንጓዴ ነገር እንዳትነኪ» ብላ ስታስፈራራት፣ ሌላው ሐኪም ጎመን እንዳልተከለከለች፣ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ መጠንቀቅ እንዳለባት አስረዳት። ትክክሉ የሁለተኛው ነው። ይህን ለማወቅ የፈጀብን ጊዜ አንድ ሙሉ ጾም ነው። ጎረቤት ደግሞ ለወገብ ሕመሟ ዳይክሎፌናክ ሰጥታት ነበር፤ ደግነቱ ከመዋጧ በፊት ደወለችልኝ። ከዋርፋሪን ጋር የሆድ ውስጥ መድማት ሊያመጣ ይችላል።

የምትኖረው ከአዲስ አበባ ውጭ፣ እናታችን ጋ ነው። በከተማዋ ያለው ላቦራቶሪ ምርመራውን ይሠራል ይባላል፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ «ሪኤጀንት አልቋል» ነው። እና ለአንድ ጠብታ ደም የአምስት ሰዓት መንገድ ትጓዛለች፤ መንገዱ የተዘጋ ሰሞን ደግሞ በግምት ትውጣለች። እንደ ስኳር መለኪያ ጣት ወግቶ ውጤቱን ወዲያው የሚያሳይ መሣሪያ በዓለም ላይ ከተሠራ ቆይቷል። በየዞን ሆስፒታሉ አንድ መሣሪያ፣ አንድ የሠለጠነች ነርስና መድኃኒቱን በስልክ የሚያስተካክል አንድ ሐኪም ቢኖሩ ይህ ሁሉ እንግልት ይቀራል። ለሪባን መቁረጥ አይመችም፤ ችግሩ እሱ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነውና። ስትታከም ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ከእንስሳት ሕብረ ሕዋስ የሚሠራ ቫልቭም አለ፤ ዋርፋሪንን ዕድሜ ልክ አይጠይቅም፤ በወጣት ላይ ግን ቶሎ ያረጃል፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። አንዱን ስንት ወር ለምነን ላደረግን ሰዎች ሁለተኛው ሕልም ነው፤ ስለዚህ ብረቱ ምክንያታዊ ነበር። ነገር ግን ዋርፋሪን ለጽንስ አደገኛ ነው፤ ካቋረጡት ደግሞ አደጋው ለእናቲቱ ነው። በጥብቅ የሐኪም ክትትል የሚወልዱ አሉ፤ ሆኖም ቀላል መንገድ አይደለም። ይህን እህቴ የሰማችው ዘንድሮ፣ ሽማግሌ ሊላክ ሲታሰብ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ነው። ሳላነበው ፈርሜያለሁ፤ የጠየቅኩት «ትተርፋለች?» ብቻ ነበር።

ከእንግዲህ የልብ ሕመምተኛ ፎቶና የባንክ ቁጥር ሲላክልኝ ሼር ከማድረጌ በፊት ለአስታማሚው እደውላለሁ፤ የተጻፈው ብር የአንድ ዓመት መድኃኒት፣ ምርመራና መጓጓዣ ይጨምር እንደሆነ፣ ነገሮች ቢበላሹስ ምን እንዳሰቡ እጠይቃለሁ። እስካሁን ከደወልኩላቸው አራት ቤተሰቦች ያሰበበት አንድ ነው። ሦስቱ ቁጥራቸውን አስተካክለዋል። ብሩ ሲበዛ ሰው ይሸሻል ብለው ፈርተው ነበር፤ እኔም ፈርቼላቸው ነበር። አልሸሸም።

የባለፈው ወር ውጤቷ 2.8 ነው። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት በስልክ አነበብኩላት። ስለ ሽማግሌው የጻፍኩትን ዝም ብላ ሰማች፣ እንዳወጣውም ፈቀደች። «የጎመኑን ግን ተወው፣ ሰው ይስቅብኛል» አለች።