ሐይቅን አይቶ ላስታን መርገጥ

የአዲስ አበባ የተማረ ሰው ዕረፍት ሲያምረው ልቡ የሚያዘነብለው ወደ ውኃ ነው። ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ሐዋሳ ትሰፋለች፤ ጊዜና ገንዘብ የተረፈው ደግሞ ባሕር ዳርን ይመርጣል። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን፣ ስሟንም ከውኃዋ የወረሰችውን የሐይቅ ከተማን ግን በዕረፍት ሐሳቡ ውስጥ የሚያስገባት ስንቱ ነው? ወደ ወልድያና ወደ መቐለ የሚጓዝ ሁሉ በመኪና መስኮት ያያታል፤ ያደንቃል፤ ያልፋል።

ሐይቅ ፀሐይ ያልነፈጋት ከተማ ናት። ውኃው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በላይ ካለው ከሐርድቦ ሐይቅ ይቀበላል እንጂ ለማንም አይሰጥም፤ ወደ ውጭ የሚፈስበት መውጫ የለውምና። የእስጢፋኖስ ገዳም ያረፈበት ስፍራ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ ከየብስ ተያይዞ ባሕረ ገብ መሬት ሆነ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚህ ስፍራ ያስተማሯቸው መነኮሳት በኋላ በመላው ደጋ ተበትነው ገዳማትን ተክለዋል። የገዳሙ አበምኔትም «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥቱ ከታላላቆቹ ባለሥልጣናት ጎን የሚቆምበት ዘመን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከመቼ ጀመርን የሚለው ክርክር በሚነሣበት ቦታ ሁሉ ይህ ስም አብሮ ቢነሣ መልካም ነበር። (ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ ከቤተሰብ ጋር የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጃል።)

ከሐይቅ ወዲያ አምባሰል ይነሣል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚህ ምድር ነው። የግሸን አምባም እዚሁ ነው፤ ነገሥታቱ ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች ያጋዙበት፣ ዛሬ ደግሞ መስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚተሙበት አምባ። ጉልበት ላለው መንገደኛ የሐይቅ ዳርቻ የሁለት ቀን ማረፊያ፣ አምባሰል ደግሞ የእግር መፈተኛ ሊሆነው ይችላል።

እኔ ግን የማምነው ጉዞው ሙሉ የሚሆነው ወደ ላስታ ሲዘልቅ ነው፤ ምክንያቴም የመልክዓ ምድር ብቻ አይደለም። የታሪክ ትረካችን ሐይቅንና ላስታን እንደ አሸናፊና ተሸናፊ አድርጎ አስቀምጧቸዋል። በ1270 እ.ኤ.አ. ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ያዘ፤ የዛጔ ዘመን አበቃ። የሐይቅ መነኮሳት በዚያ ነገር ውስጥ ነበሩበት የሚለውን ትውፊት ሁላችንም ሰምተናል፤ ነአኩቶ ለአብ በፈቃዱ ዙፋኑን ለቀቀ የሚለውንም እንዲሁ። ትውፊቱን ታሪክ ጸሐፊዎች ይመርምሩት። ሁለቱን ስፍራዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ የረገጠ ሰው ግን ትረካው የለያቸው ሰዎች አንድ ዓይነት እንጀራ እየበሉ፣ በአንድ ዓይነት ዜማ እየቀደሱ ያገኛቸዋል።

ከላሊበላ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በዋሻ ውስጥ የተሠራው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን የእግር መንገድን ዋጋ ለማወቅ ከሁሉ ይበልጥ ይመቻል። በመኪና የደረሰ ሰው የሚያየው ግድግዳ ነው። ገደሉን እየታከከ፣ የእርሻውን ዳር ይዞ የደረሰ ሰው ግን ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ እያለ በድንጋይ ገንዳዎች የሚጠራቀመውን ጠበል ሲያይ ውኃ በዚህ ሀገር ምን እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ ወደ አሸተን ማርያም መውጣት፣ ብርታቱ ካለም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ወደሚኖሩበት፣ ጅብራ ወደሚበቅልበት፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ወደ አቡነ ዮሴፍ መዝለቅ ይቻላል።

ይቻላል አልኩ እንጂ ሁልጊዜ ይቻላል አላልኩም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ እንግዳውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ማብቂያ ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ጋሸና የጦር ሜዳ ሆነች፤ ከወልድያ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ያ መንገድ፣ ሐይቅን የሚያልፈው ያው መንገድ፣ የሠራዊት መተላለፊያ ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም አስጎብኚው ተነፈሰ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሲያልቅ፣ በመከላከያና በፋኖ መካከል የተነሣው ውጊያ ላሊበላ ደረሰ፤ በረራውም ተቋረጠ።

በዚህ ሁሉ መካከል መንግሥት ስለ ቱሪዝም የሚናገረው በሕንፃ ቋንቋ ነው። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን መረጠ። ሐይቅ ዳር መገንባትን በራሱ አልነቅፍም፤ ጎርጎራም ውበቷ የሚያስመሰግን ናት። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ እንግዳ የሚመጣው በመንገድ ሆኖ ሳለ ገንዘቡና ክብሩ ለማረፊያው ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው? በመቄት አፋፍና በላስታ ተራሮች ከ20 ዓመት ገደማ በፊት የተጀመረው የማኅበረሰብ ማረፊያ ሥራ ሌላ መንገድ እንዳለ አሳይቶ ነበር። ገበሬው ጎጆ ሠርቶ እንግዳ ያሳድራል፣ አህያ ይጭናል፣ ያበስላል፤ ገቢውም ለቀበሌው ነዋሪ ይቀራል። ያ ሥራ የሚፈልገው እብነ በረድ አይደለም፤ ሰላምና የሚታመን ቃል ብቻ ነው።

የሚታመነው ቃል ከጠፋ ሰነበተ። አንዱ ወገን «ሁሉም ሰላም ነው፣ ኑ» ይላል፤ ሌላው በስደት ተቀምጦ «ሕዝቡ እየሞተ መዝናናት ነውር ነው» ይላል። የመጀመሪያው ንግግር እንግዳውን ያታልላል፤ አንድ ክፉ ነገር በደረሰ ቀን የሚከስረውም ተናጋሪው ሳይሆን በቅሎ አከራዩ ነው። ሁለተኛው ስሜቱ ክቡር ቢሆንም፣ ልጆቹን በአስጎብኚነት የሚያሳድገውን የላሊበላ ሰው ሳይጠይቅ የተሰጠ ፍርድ ነው። ተፋላሚዎቹ ስለ ሌላው ሁሉ ባይስማሙ እንኳ ከደሴ እስከ ጋሸና፣ ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለውን መንገድ ለተሳላሚና ለእንግዳ ክፍት ለማድረግ ሊስማሙ አይችሉምን?

ተሳላሚውን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ለገና፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ቀናትን በእግር ተጉዞ ላሊበላ የሚደርሰው ገበሬ የዚህ ሀገር የመጀመሪያው ጎብኚ ነው። ሪዞርት አይጠይቅም። የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ይቀበለዋል። የቱሪዝም ትምህርት የምናስተምር ሰዎች ይህን መስተንግዶ «ባህላዊ እሴት» ብለን በአንድ አንቀጽ እናልፈዋለን፤ የቀረውን ምዕራፍ ስለ ባለኮከብ ሆቴል እናወራለን።

ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ማስታወቂያውንም ሆነ የስደተኛውን ጩኸት ትቶ ላሊበላ ወይም ሐይቅ ለሚኖር አንድ አስጎብኚ ይደውል። መንገዱ ዛሬ እንዴት እንደሆነ እርሱ ያውቃል፤ «አሁን አትምጣ» የሚልበት ቀንም አለ፤ በዚያ ቀን ይቅር። «ና» ያለው ቀን ግን ይሂድ፤ የአገሬው ሰው ቤት ይደር፤ የበቅሎውን ኪራይ ሳይከራከር ለባለቤቱ በእጁ ይስጥ።