የአረርቲ ልጅና የጅማው ጥናት

የምንጃር ጤፍ ሲወቃ በአረርቲ ዙሪያ እብቁ ጉሮሮ ይገባል። አስም ላለበት ሕፃን ክፉ ወቅት ነው።

ስለ በሽታው አገራችን የራሷ ጥናት አላት። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1997 በላንሴት መጽሔት የወጣው የጅማ ጥናት አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ እንደሚበዛ አሳየ። በ2001 የወጣው ደግሞ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨት ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን አገኘ። ይህ ግን ትልን አያስመሰግንም፤ ደም ያሳጣል።

ኢዮሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ በአስምም በሆድ ትልም ስለሚጨምር፣ የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ ሰገራም መታየት፣ ስለ ማገዶ ጭስም መጠየቅ አለበት።

ጤና ጣቢያዎች ሳልቡታሞልና ቤክሎሜታዞን የተባሉትን በአፍ የሚሳቡ የአስም መድኃኒቶች ሊያጡ አይገባም። በመድኃኒት መንፊያውና በሕፃኑ አፍ መካከል የሚገባው ዕቃ ከጠፋ፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1999 የወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ያገለግላል።