የሻይ ቁርስና የሰው ገበታ

«ቻይና የማይበላው የለም!» የሚለው ቀልድ በመኝታ ክፍሎቻችንና በሻይ ክበባችን ሲነገር ሰንብቷል። ሰሞኑን ደግሞ ለእረፍት አዲስ አበባ ሄደው የተመለሱ ጓደኞቻችን ቦሌ አካባቢ ከአንዲት ትንሽ የቻይና ምግብ ቤት ገብተው፣ በእንፋሎት የበሰለ ጥቅል ሊጥ ቢቀርብላቸው ሳይቀምሱ እየሳቁ መውጣታቸውን እንደ ጀብዱ ሲያወሩ ሰማን። መቅመስ አለመቅመስ የራሳቸው ጉዳይ ነው። እኛን ያሳሰበን ሳቁ ነው፤ ነገ ይኸው ሳቅ ጠመኔ ይዞ ክፍል ሊገባ ነውና።

ለመሆኑ ያ ምግብ ምንድን ነው? ዲም ሰም ይባላል፤ አገሩም ደቡብ ቻይና፣ ካንቶን ነው። ስሙ ሲተረጎም «ልብን መንካት» ወደሚለው ይጠጋል። ሆድን መሙላት አላሉም፣ ልብ በሉ! ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር ፍጥረት፣ የአሳማ ሥጋ ወይም አትክልት በስስ ሊጥ ይጠቀለልና ከቀርከሃ በተሠራ ክዳን ባለው ቅርጫት ውስጥ በእንፋሎት ይበስላል። በአንድ ቅርጫት ሦስት አራት ፍሬ ይቀርባል፤ ይህም ለአንድ ሰው ሳይሆን በገበታው ዙሪያ ለተቀመጠው ሁሉ ነው። ታዲያ ካንቶኖች ሲጠራሩ «ያም ቻ» ይባባላሉ፤ ሻይ እንጠጣ ማለት ነው። ዋናው ሻዩ ነዋ! ምግቡ አጃቢ ነው።

እንግዲህ ይህ ለወሎ ሰው ምኑ ነው እንግዳ? የቡና ቁርስ አይደለም እንዴ! እናቶቻችን ጎረቤት የሚጠሩት «ኑ ቡና ጠጡ» ብለው ነው እንጂ «ኑ ቆሎ ብሉ» ብለው አይደለም። ካንቶንም ቢሆን ሰው የራሱን ሲኒ ከመሙላቱ በፊት ለሌላው ይቀዳል፤ የተቀዳለትም ወሬውን ሳያቋርጥ ጠረጴዛውን በጣቶቹ መታ መታ አድርጎ ያመሰግናል። እንፋሎቱን እንደሆነ ከሕብስት እናውቀዋለን። ጥቅል ሊጥማ፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የምናየው ሳምቡሳ ስሙ ከፋርስ የመጣ ነው፤ ዛሬ አገርህ የት ነው የሚለው የለም። «ሻይ» የምንለው ቃል ራሱ የዘር ሐረጉ ቢቆጠር ከዚያው ከቻይናው «ቻ» ይደርሳል።

«አሳማውስ?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ አይበላም፤ ብላም የሚል የለም። ነገር ግን አለመብላት ሌላ፣ ማንቋሸሽ ሌላ። በከላላም ሆነ በመካነ ሰላም አካባቢ ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፤ ድግሱ ግን አንድ ነው፤ አንዱ በሌላው ሥጋ ሲስቅ አይታይም። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ከቻይናዎች ገበታ ፊት ሲደርስ ጨዋነቱን የት ጣለው? ደግሞስ ዲም ሰም ሁሉ አሳማ አይደለም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ዋን ቻይ በሚባለው ሰፈር፣ በእስላማዊ ማዕከሉ ሕንፃ ላይ፣ ሐላል ዲም ሰም የሚቀርብበት ምግብ ቤት አለ። ቡድሂስቶችም ሥጋ የሌለበትን ያዘጋጃሉ።

ቻይናዎች ለአገራችን የትናንት እንግዶች አይደሉም። የሁለቱ አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት የተመሠረተው በኅዳር 1963 ዓ.ም. ነው። ከወልዲያ ወረታ ድረስ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት እነርሱ ናቸው። እኛ ግን ስለ ሥራቸው ጠይቀን ሳንጨርስ ስለ ድስታቸው ማውራት እንወዳለን!

ነገሩ ግን ከቻይናዎቹም ያልፋል። ተመርቀን ስንወጣ የምንመደበው ልጆች ምሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ከሚመጡበት ትምህርት ቤት ነው። አንዱ የገብስ ቆሎ፣ አንዱ የማሽላ ቂጣ፣ አንዱ ባዶ እጁን። መምህሩ የሰው ምግብ ላይ የሚቀልድ ከሆነ፣ ያ ቂጣ የያዘ ልጅ ከአጥር ኋላ ተደብቆ መብላት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት ወደ ቤቱ ይሄድና ከሰዓት በኋላ አይመለስም። ስም ስንጠራ «ቀሪ» ብለን እናልፈዋለን፤ ለምን እንደቀረ ማን ይጠይቃል?

በሚቀጥለው እረፍት አዲስ አበባ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ግቡ። ከማዘዛችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለበት ጠይቁ፤ ጾመኛ ካለ እንቁላል እንዳይኖረው ጨምሩበት። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቅርጫት ብቻ እዘዙ። የሚሆናችሁ ከሌለም ሻዩን ጠጥታችሁ፣ አመስግናችሁ፣ ሒሳባችሁን ከፍላችሁ ውጡ።